የአየር ብክለት በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአየር ብክለት ሲነሣ በጎጃም ብዙ ሰው ነገሩ የአዲስ አበባ ወይም የሩቅ አገር ከተሞች ጣጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር ከነዋሪዎች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከተማሪዎችና ከባለ ወርክሾፖች በተደጋጋሚ የሚሰሙ ናቸው።

የአየር ብክለት የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

ጤናን በሚጎዳ መጠን ወደ አየር የገባ ብናኝ ወይም ጋዝ ሁሉ የአየር ብክለት ነው። በዓይን የሚታየው አቧራና ጥቁር ጭስ ያስቸግረናል፤ የበለጠ የሚያሰጋው ግን የማይታየው ነው። ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች፣ በባለሙያዎች አጠራር «ፒኤም 2.5»፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያንሳሉ። አፍንጫና ጉሮሮ ትልልቁን አቧራ ያስቀሩታል፤ እነዚህን ግን ማስቀረት ስለማይችሉ ብናኞቹ እስከ ሳንባ ጫፍ ይዘልቃሉ፣ ከፊሎቹም ወደ ደም ይገባሉ፤ በዚህም የተነሣ ጉዳታቸው ከሳል አልፎ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰርና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም ድረስ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የእነዚህ ብናኞች የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀን አማካይ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶ የሚሆነው ከድርጅቱ ልክ ያለፈ አየር ይተነፍሳል።

ጎጃም የእርሻ አገር ነው፤ ፋብሪካውም ገና ጥቂት ነው። ታዲያ ነገሩ ምን ያስቸኩላል?

የሚያስቸኩለው ፋብሪካው ገና ጥቂት መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ብትሆንም፣ አብዛኛው ጎጃም ኢንዱስትሪን ማየት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል፤ ባሕር ዳርም የራሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በየከተማው ደግሞ የዱቄት ፋብሪካ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ የድንጋይ መፍጫና የብሎኬት ማምረቻ እየበዛ ነው። ፋብሪካ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ቦታውን መለወጥ የማይታሰብ ያህል ከባድ ነው። ቦይለሩ፣ ማለትም የፋብሪካው ውሃ ማፍያ፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ከሰል እንዲሠራ ሆኖ ከተገዛ ለ20 እና ለ30 ዓመት በዚያው ይሠራል፤ ጭስ ማውጫው አጭር ሆኖ ከተገነባ ከጎኑ የሚኖረው ሕዝብ ለዚያው ዘመን ሁሉ ጭሱን ይተነፍሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነትም ይኸው ነው፦ ጎጃም በሀብት ከበለጸጉት አገሮች ቢያንስም፣ ጭሱ ከመብዛቱ በፊት የመወሰን ዕድል ገና ከእጁ አልወጣም።

ዛሬ ሰውን ከሁሉ ይበልጥ እየጎዳ ያለው ጭስ ከየት የሚመጣው ነው?

ከማድ ቤት ነው። ይህን ስንናገር ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ ስለ ፋብሪካ ጠይቀን ስለ ጉልቻ ትነግሩናላችሁ ይላሉ። ነገር ግን ብክለትን የምንለካው በሰማይ ላይ በሚታየው የጭስ ብዛት ሳይሆን ወደ ሰው ሳንባ በሚገባው መጠን ነው። ፋብሪካው ጭሱን ከቤታችን ርቆ፣ ከፍ ባለ ማውጫ ይለቀዋል፤ እናት ግን በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዳ፣ በኩበት፣ በጭራሮና በባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት እያነደደች፣ ፊቷን ከእሳቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስጠግታ ሰዓታት ትቆያለች። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ በጀርባዋ ላይ ነው። አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ የደቃቅ ብናኙ መጠን ተቀባይነት ካለው ልክ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ የድርጅቱ ግምት ያሳያል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ጭስ የሚተነፍስ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

የእኔ እናት እንጀራ ስትጋግር ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ጭስ ያልለመደ ሴት አይባልም» ትለን ነበር። በስተርጅና ሳሏ ሲጠናባት ማናችንም ከምጣዱ ጋር አላያያዝነውም። ይህን የማነሣው የብዙ ቤት ታሪክ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ገጠር ላለውና የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰው ቤት የመጀመሪያው እርምጃ ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ በግድግዳውና በጣሪያው መገናኛ ላይ ጭስ መውጫ ማበጀት፣ እንጨቱንም በደንብ አድርቆ ማንደድ ነው፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃ በማትነን ስለሚያባክን ከደረቁ ይልቅ እጅግ ይጨሳል። ጭሱ የሣር ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቅልናል የሚሉ አባወራዎች አሉ፤ ነገሩ እውነትነት ቢኖረውም ክዳን በየጊዜው ይለወጣል፣ ሳንባ ግን አይለወጥም። ቀጥሎ የሚመጣው ከአሸዋ፣ ከገለባ ድንጋይና ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ማገዶ መቆጠቡ ጭሱን ቢቀንሰውም ጨርሶ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ምድጃውን ወስዶ መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ መትከል ጥቅሙን መልሶ ማጣት ነው። አራትና ከዚያ በላይ ከብት ያለው ገበሬ ደግሞ ባዮጋዝ ማስገንባት ይችላል፤ ወጥና ቡና ያለ ጭስ ይሠራበታል፣ የተረፈው እበትም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። እንጀራ መጋገር ግን ለባዮጋዝ አሁንም ከባድ ነው፤ ሰፊውን ምጣድ እኩል የሚያሞቅ ነበልባል ይፈልጋልና።

በከተማ መጨረሻው መልስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አንዱ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚፈልግ፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ማለዳ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ አይችልም፤ መብራት ይቋረጣል፤ ሴቶቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቅጠሉ ይመለሳሉ። እንግዲህ የሰፈር ትራንስፎርመር ማሳደግ የጤና ሥራ ጭምር መሆኑን የሚመለከተው ሁሉ ሊረዳው ይገባል። ከጊሽ ዓባይ ተነሥቶ ጎጃምን ዙሪያውን በሚከበው ወንዝ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ከግድቡ እስከ ምጣዱ የሚደርስበት መስመር ካልተሟላ ግን በጓዳ ያለው ጭስ ባለበት ይቀጥላል።

በብርድ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ክፍል ውስጥ ማሳደር ችግር አለው?

በፍጹም መደረግ የለበትም፤ ይገድላል። የከሰል ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ኦክስጅን ከሚያያዝበት ከ200 ጊዜ በበለጠ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው በእንቅልፉ ውስጥ እንዳለ አየር ያጥረዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ የሆነ ሰው ሲገኝ ወዲያውኑ ወደ ውጭ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ብርድ ቤትን ለማሞቅ ተብሎ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደጃ ማሳደር ለአራስና ለሕፃን በተለይ አደገኛ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት በከተማው ላይ እንደ ጋቢ የሚዘረጋው ጭስ ለምን አይበተንም?

በተለመደው ጊዜ መሬት ላይ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይሞቃል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣም ጭሱን ይዞት ይሄዳል። ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት ግን መሬቱ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከመሬቱ የተጠጋው አየር ይቀዘቅዛል፤ በላዩ ያለው ግን ሙቅ እንደሆነ ይቆያል። ያን ጊዜ ሙቁ አየር እንደ ክዳን ይሆናል፤ የማለዳው የማድ ቤት ጭስ፣ የባጃጁ፣ የዳቦ ቤቱና የተቃጠለው ቆሻሻ ሁሉ ከሥሩ ይታፈናል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ጭሱ እዚያው ይተኛል። በሸለቆ ውስጥ የተቆረቆሩ ከተሞች ከሜዳዎቹ ይልቅ ይብስባቸዋል። በባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ነፋሱ ቀን ከጣና ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ፣ ለፋብሪካ ቦታ ሲመረጥ የቀኑን ነፋስ ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

ከፋብሪካ ማውጫ ነጭ ጭስ ሲወጣ አያለሁ። ይህ መርዝ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከርቀት ጭስ መስሎ ከሚታየው የውሃ ርጭት እንደሆነ ሁሉ፣ ከቦይለርና ከማድረቂያ የሚወጣው ነጭ ነገርም ብዙ ጊዜ የውሃ እንፋሎት ነው። እንፋሎት ከማውጫው ጥቂት ርቆ ድንገት ይጠፋል፤ ጭስ ግን እየሳሳ ሩቅ ይሄዳል፣ ሽታም ይኖረዋል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። በተቃራኒው ምንም የማይታይበት ማውጫ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያስተውላቸው ጋዞች አይደሉምና። በፋብሪካው አካባቢ የምትኖር እናት የተሰጣ ነጠላዋ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቁር መናገር ትችላለች፤ ይህ ምስክርነት ልኬት ባይተካም መርማሪ ሊንቀው አይገባም።

ፋብሪካ ጭሱን ለመቀነስ ምን ማድረግ ይችላል?

መጀመሪያ የሚወሰነው ነዳጁ ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣና የድንጋይ ከሰል ሰልፈርና ጥላሸት አብዝተው ይለቃሉ፤ ኤሌክትሪክ በማውጫ በኩል ምንም አይለቅም፣ የአገራችን ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ጨርቅ ለማቅለም፣ ወተት ለማፍላት ወይም እህል ለማድረቅ የሚያስፈልገው መጠነኛ ሙቀት በኤሌክትሪክ ቢሆን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ ጥቅም ታገኛለች። ችግሩ መቆራረጡ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር በየግቢው የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተር በዝቅተኛ ማውጫ፣ በሰው አፍንጫ ልክ ይለቃል። ባለፋብሪካውን ብቻ መውቀስ እዚህ ላይ ተገቢ አይሆንም፤ አስተማማኝ ኃይል የሚያቀርበው አካልም የኃላፊነቱ ተካፋይ ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ፣ ችሎታውም የተለያየ ነው። ሳይክሎን የሚባለው አየሩን እያሽከረከረ ብናኙን ወደ ጎን የሚወረውር መሣሪያ ርካሽና ለብልሽት የማይመች ነው፤ ለዱቄት ፋብሪካና ለእንጨት መሰንጠቂያ በጣም ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሚይዘው ትልልቁን ብናኝ ሲሆን ደቃቁ ያመልጠዋል። ደቃቁን በእርግጥ የሚይዘው የከረጢት ማጣሪያ ነው፤ በትክክል ከተያዘ ከ99 በመቶ በላይ ያስቀራል። ለሲሚንቶና ለትልልቅ እቶኖች በኤሌክትሪክ ኃይል ብናኙን ስቦ የሚይዘው ኤሌክትሮስታቲክ ማጣሪያም እንዲሁ። በውሃ የሚያጥበው መሣሪያ ጋዙንም ብናኙንም ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የታጠበበት ውሃ ሳይታከም ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ብክለቱ ከአየር ወደ ውሃ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ለጣናና ለዓባይ ገባሮች ቅርብ በሆነ ቦታ ይህን መዘንጋት ከባድ ስሕተት ነው።

ማጣሪያ መግዛት ብቻውን አይበቃም። የተቀደደ ከረጢት ሳይለወጥ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ማጣሪያውን ሌሊት አጥፍቶ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የሚሞክርም አይጠፋም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው «ማጣሪያ አላችሁን?» ብሎ ከሚጠይቅ ይልቅ የመጨረሻው ከረጢት መቼ እንደተለወጠ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ለመለዋወጫ የተያዘውንም በጀት ቢጠይቅ ይሻላል፤ ጉብኝቱም በቀን ብርሃን ብቻ የተወሰነ መሆን የለበትም። ለድንጋይ መፍጫዎች ደግሞ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በመፍጫው አፍና በማጓጓዣው ላይ ውሃ መርጨት፣ ማሽኑን መክደን፣ የጭነት መኪናውን በሸራ መሸፈን። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በመፍጫ ሥራ ላይ የተሰማራ ወጣት ሳንባው በድንጋይ ብናኝ መጎዳቱ የሚያሳዝን ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ባለው ሲሊካ በተባለ ማዕድን ብናኝ የተጎዳ ሳንባ አይድንምና።

ያደጉት አገሮች መጀመሪያ በለጸጉ፣ በኋላ አጸዱ። እኛስ ለምን እንደዚያ አናደርግም?

ይህ ቅን ጥያቄ ነው፤ የሥራ ያለህ የሚል ወጣት በበዛበት ከተማ ሲነሣም ሊከበር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ያደጉት አገሮች ያለፉበት መንገድ በቅርብ ሲታይ የሚያስቀና አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ ከላይ የተገለጸው ዓይነት ክዳን ለአምስት ቀን ተቀምጦ የከሰሉን ጭስ አፍኖት ነበር፤ በወቅቱ 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተነገረ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። «በኋላ እናጸዳለን» ማለት በመሀሉ የሚሞቱትን ሰዎች ሳይቆጥሩ መናገር ነው።

የቤጂንግ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ የደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ 89.5 ማይክሮግራም ነበር፤ የቻይና መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ዕቅድ የከሰል ቦይለሮችን በጋዝና በኤሌክትሪክ በመተካት፣ ፋብሪካዎችን በመዝጋትና በማዛወር፣ የተሽከርካሪ መለኪያውንም በማጥበቅ በ2020 ወደ 38 አወረደው። በእነዚህ ዓመታት ኢኮኖሚው ማደጉን አላቆመም፤ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ሁለተኛው ግን 38 እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ ፈሶም ገና ብዙ ይቀራል።

የሕንዷ ዴልሂ ደግሞ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ የመረባረብን ውስንነት ታሳያለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትእዛዝ መሠረት የሕዝብ አውቶቡሶቿ ሁሉ በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ ተደርጓል፤ ትልቅ ሥራ ነበር። የጡብ እቶኑ፣ የግንባታው አቧራ፣ የቆሻሻ ማቃጠሉ፣ በዙሪያዋ ባሉ እርሻዎች የሚነደው ገለባና የመኪናው ብዛት ግን ቀጠለ፤ ዴልሂም ዛሬ በዓለም የከፋ አየር ካለባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሜክሲኮ ሲቲ በ1989 እ.ኤ.አ. መኪናዎች በሰሌዳ ቁጥራቸው ተራ እየያዙ በሳምንት አንድ ቀን እንዳይነዱ ስትከለክል፣ አቅም ያለው ሰው ሁለተኛ አሮጌ መኪና ገዛ። ክልከላ ሰው የሚሄድበትን ሌላ መንገድ ሳያዘጋጅ ከመጣ ውጤቱ እንዲህ ነው።

በአዊ ገበሬዎች ዲከረንስ ተክለው ከሰል ያከስላሉ። ይህ መታገድ አለበት?

መታገድ የለበትም፤ መሻሻል ግን አለበት። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው አካሺያ ዲከረንስን ተክሎ፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት አሳድጎ፣ ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን ለእህል ይመልሰዋል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚሰጥ በመሆኑ፣ አሲዳማነት ያደከመው መሬት ያገግማል፤ ገበሬውም ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ልጆቹን አስተምሯል። ይህ ደን ከመጨፍጨፍ የሚለይ፣ በሥርዓት የተያዘ ምርት ነው። ጉዳቱ ያለው በማክሰሉ ላይ ነው፤ እንጨቱ በአፈር ክምር ውስጥ ለቀናት ሲታፈን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሚቴንና ሬንጅ መሰል ጭስ ይለቃል፤ አክሳዩም ሌሊት ተነሥቶ ክምሩን ሲጠብቅ ያንን ይተነፍሳል። በተለመደው ክምር ከ10 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ቢበዛ 2 ኪሎ ያህል ነው። እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ፣ ክምሩን ከመኖሪያ ቤት ማራቅ፣ በአንድ ወገን የጭስ ማውጫ በርሜል ተክሎ የአየሩን አካሄድ መቆጣጠር ምርቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ጭሱንም ይቀንሰዋል። ለገበሬው የሚታየው ተጨማሪው ጆንያ ስለሆነ፣ ስለ ጭሱ ከመስበክ ይልቅ ስለ ምርቱ ማሳየት ይቀድማል።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ማቃጠል አየሩን ያጸዳል ይባላል። እውነት ነው?

የልማዱ ምክንያት የተከበረ ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሺህ ሰው በፈጀ ጊዜ፣ ሕዝቡ ሰፈሩን ጠርጎ ጥራጊውን በማጨስ በሽታውን ለማራቅ ሞክሯል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የተባለውም ይህንኑ ለማሰብ ነው። በዚያ ዘመን የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ዛሬ ግን በክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ኮንጎ ጫማና የጎማ ቁራጭ አለበት፤ እነዚህ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነዱ ዳይኦክሲንን ጨምሮ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች ይለቃሉ። በሽታውን ያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ስለነበረ ጭስ አያባርረውም፤ እንዲያውም የተጎዳ ሳንባ ለጉንፋንና ለሳንባ ምች ይበልጥ ይጋለጣል። ቀኑም የሚውለው ጭስ በማይበተንበት ወር ነው። የጽዳቱን ልማድ ጠብቆ ማቃጠሉን መተው ይቻላል፦ ቅጠሉንና ጥራጊውን ለኮምፖስት ጉድጓድ፣ ፕላስቲኩን ለጽዳት ማኅበራት መስጠት። በዓመት አንድ ቀን ከሚነደው ይልቅ ግን በየሳምንቱ በየቦዩ ዳር የሚነደው ይብሳል።

መኪናና ባጃጅስ?

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የጭነት መኪና በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በከባድ ማርሽ ሲጎተት የሚለቀውን ጥቁር ጭስ ያላየ ተጓዥ የለም። ጥቁር ጭስ በሚገባ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ባለመኪናው ገንዘቡን በማውጫው እየበተነ ነው ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን በጊዜው መለወጥ፣ ኖዝሉን ማስመርመር፣ ከልክ በላይ አለመጫን ብዙውን ያስተካክለዋል። የቦሎ ምርመራም የጭስ ልኬትን በእውነት የሚያካትት፣ በወረቀት ብቻ የማይታለፍ ሊሆን ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በረጅሙ ይጠቅማል፤ ቀድሞ የገባው መኪና ግን ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ይኖራል። ባሕር ዳር በብስክሌት የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ይህን ልማዷን በተለየ የብስክሌት መንገድ መጠበቅ ከሁሉ የረከሰ እርምጃ ነው። አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ባልደረሰባቸው መንገዶች ላይ ደግሞ ትልቁ ችግር አቧራው ነው።

ዛፍ መትከል ብክለቱን አያጠፋውም?

በመንገድ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ ዛፍ ከአቧራው ጥቂቱን ይይዛል፤ ሙቀትም ያበርዳል። ከማውጫ ለሚወጣ ጭስ ግን ማጣሪያን አይተካም። የችግኝ ተከላ ፎቶግራፍ የማጣሪያ መግዣ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ መቀበል አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል? የት አቤት ይባላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 መሠረት ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። በ1995 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጥተዋል፦ አንዱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ሌላው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። በመጀመሪያው መሠረት ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተፅዕኖው ተጠንቶ መፈቀድ አለበት፤ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብም አስተያየቱን የመስጠት መብት አለው። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ መገኘት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ማውጫው ከቆመ በኋላ ከመጮኽ ከመቆፈሩ በፊት መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛው አዋጅ ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ በግሉ የተጎዳ መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጭሱ ቀለምና ሽታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይመዝገብበት፤ የተቀበለው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ይያዝ። ግልባጭ ሳይዙ የቀሩ ጎረቤቶች 30 ቀኑ ከየትኛው ዕለት እንደሚቆጠር ማስረዳት አቅቷቸው ሲመላለሱ አይቻለሁ።

የምንተነፍሰውን አየር ራሳችን መለካት እንችላለን?

በመጠኑ ይቻላል። በብርሃን አማካይነት ብናኝ የሚቆጥሩ አነስተኛ መሣሪያዎች ዋጋቸው ከዋናዎቹ መለኪያ ጣቢያዎች እጅግ ያነሰ ነው፤ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሊያስተዳድራቸው ይችላል። እርጥበት ስለሚያታልላቸው በክረምት ጉምና ካፊያ ጊዜ ከእውነቱ በላይ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ጎን ለጎን ተሠርተው መስተካከል ይኖርባቸዋል። ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ የዓመቱ መዝገብ ዋጋ አለው። ፋብሪካ ከመተከሉ አንድ ዓመት ቀድሞ የተያዘ ልኬት ካለ፣ በኋላ «አየሩ ድሮም እንዲህ ነበር» የሚለው ክርክር መልስ ያገኛል፤ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ይህን ዓመት ባያባክኑት ምኞቴ ነው።

አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ወይም ማስክ ማድረግ ይጠቅማል?

ነጠላና ተራ የጨርቅ ማስክ ትልልቁን አቧራ ይከለክላሉ፤ ደቃቁን ብናኝ ግን እምብዛም አይዙም። ኤን 95 የሚባለው በፊት ላይ በደንብ ከገጠመ አብዛኛውን ያስቀራል፤ በድንጋይ መፍጫ፣ በወፍጮ ቤትና በብየዳ ለሚሠሩ አሠሪው ሊያቀርብላቸው ይገባል። እነዚህ ማስኮች ግን ጋዝን አያግዱም።

ልጄ አስም አለባት። በጭስ ወራት ምን ላድርግላት?

በማለዳ ጭሱ እስኪነሣ ድረስ ከቤት ውጭ ሩጫና ከባድ ጨዋታ ባታበዛ ይመረጣል። ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ከማድ ቤት ትራቅ፤ ዕጣንና ወገርት በተዘጋ ክፍል አይጨስባት፤ ቡና ሲቆላ በሩና መስኮቱ ይከፈት። በሐኪም የታዘዘላትን የሚነፋ መድኃኒት ደህና በሆነችበት ጊዜም ሳታቋርጥ እንድትወስድ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድም የአስቸኳዩን መድኃኒት በቦርሳዋ እንድትይዝና መምህሯም አጠቃቀሙን እንዲያውቅ ያድርጉ። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሀል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ወይም ትንፋሽ አጥሯት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅታት ከሆነ፣ ጭሱ እስኪበተን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።